ትርንጎ የተቃጠለች ቀን

ልጅ ሳለሁ፣ ሐይቅ ከተማ ያለችውን የአያቶቼን የፊት ክፍል ለማየት የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ ይገባ ነበር፤ መስጊድ ሆና አይደለም፣ አባባ ይመር «ይኼ ሙዚየም ነው» ብሎ ስላወጀ ነው እንጂ። እናቴ ሥራዋ ውጫሌ ስለነበር እኔን ያሳደጉኝ አያቶቼ፣ አባባና እምዬ ዘሀራ ናቸው። አባባ በጉብዝናው ዘመን ደሴ ሲኒማ ቤት ውስጥ የፊልሙን ማሽን ሲያንቀሳቅስ የኖረ ሰው ነው። ሲኒማ ቤቱ ሲዘጋ ሌላው ወንበርና ቆርቆሮ ሲሻማ፣ እሱ ግድግዳው ላይ የነበሩትን የተዋንያን ፎቶዎች ጠቅልሎ፣ አውቶቡስ ጣራ ላይ ጭኖ አገሩ ገባ።

ካርቶን ላይ የተለጠፉ፣ የሰው ቁመት ግማሽ የሚያህሉ ፎቶዎች ነበሩ። ግንባሯ ላይ ነጥብ ያላት የህንድ ሴት፣ ጢሙን ያሾለ ወንድ፣ ዕንቁ በዕንቁ የሆነች ባለ ረጅም አንገት። የፈረንጅ ስማቸውን ወይ ረስቶታል ወይ ለምላሱ አልተመቸውም፤ ብቻ ለሁሉም የአገራችንን ስም አውጥቶላቸው ነበር። ከሁሉም መሀል የተሰቀለችው ፀጉሯ ቢጫ፣ ትከሻዋ ራቁቱን፣ ዞር ብላ ፈገግ ያለች ሴት ነበረች። እሷ ትርንጎ ትባላለች።

አመሻሽ ላይ መብራት ሲጠፋ፣ ያኔ ደግሞ የማይጠፋበት ቀን አልነበረም፣ የሰፈር ልጆች ምንጣፉ ላይ እንኮለኮላለን። አባባ ኩራዙን ያነሳና ተራ ወደ ደረሳት ተዋናይ ፊት ያስጠጋዋል፤ ጢሱ ጉንጯ ላይ ሲሄድ፣ ብርሃኑ ሲርገበገብ፣ ዓይኗ የሚንቀሳቀስ ይመስለን ነበር። ከዚያ ፊልሙን ይተርካል። ፈረሱንም፣ ነፋሱንም፣ ጥይቱንም በአፉ ያሰማናል። ትርንጎ ከአምባሰል ገደል ጫፍ በፈረስ ተወርውራ ስታመልጥ እንሰማ ነበር። አንድ ቀን «አባባ፣ ፈረንጅ አምባሰልን የት ያውቀዋል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ዝም ብለሽ ስሚ! ፊልሙን ያጫወትኩት እኔ ነኝ ወይስ አንች?» ብሎ አፈጠጠብኝ።

እምዬ በዕድሜዋ ሲኒማ ቤት ገብታ አታውቅም። እሷ ከውስጠኛው ክፍል ሆና በግድግዳው በኩል ነበር የምትሰማው፤ ትርንጎን «ጣውንቴ» ትላታለች። «ዛሬም ጣውንቴን ከገደል አላወረዳትም?» ትላለች፤ እኛ እንስቃለን። እምዬ ኩሩ ሴት ነበረች፤ ገበያ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማትናገር፣ ሰው ሲጣላ እሷ ስትደርስ ዝም የሚልላት።

አሥር ዓመት ሲሞላኝ እምዬ ታመመች። ደሴ ድረስ ተወስዳ፣ መድኃኒት ተሰጥቷት ተመለሰች፤ አልጋዋ ላይ ቀለጠች። ሽንት ቤት እንኳ ተሸክመን ነበር የምንወስዳት። ወንድሟ አያ ሰይድ፣ ውጫሌ ሱቅ ያለው ኮስታራ ሰው፣ በግ ጎትቶ መጣና ሐሙስ ዕለት ቤት ውስጥ ዱአ እንዲደረግላት ቆረጠ። ሰው የሚይዘው ክፍል ደግሞ ያው ሙዚየሙ ብቻ ነው።

«ምስል ባለበት ቤት መላኢካ አይገባም» አለ አያ ሰይድ፣ በሩ ላይ ቆሞ። «ይውጡ።»

«እነሱ የቤት ሰዎች ናቸው፤ አይወጡም» አለ አባባ።

«እህቴን በወረቀት ልትለውጣት ነው?»

«አፍህን ሰብስብ፣ ሰይድ!»

እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ። የሁለቱ ጠብ ሳይሆን የመላኢካው፣ የመልአኩ ነገር ነው ልቤን የያዘው። መላኢካ ካልገባ ዱአው አይሰማም፣ ዱአው ካልተሰማ እምዬ ትሞታለች፤ ነገሩ ለእኔ ይኼው ነበር። ከሁሉም የከፋችው ደግሞ ያች ትከሻዋን ያልሸፈነችው ናት ብዬ ወሰንኩ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም።

ሐሙስ ጧት አባባ ሼህ እንድሪስን በባጃጅ ሊያመጣ ወጣ። አያ ሰይድ ጓሮ በጉን ይገፍፋል። ማድቤት ይሠሩ የነበሩት የጎረቤት ሴቶች ውኃ ሊቀዱ ሄደዋል። በርጩማ ላይ ወጥቼ ትርንጎን አወረድኳትና፣ በእምዬ አልጋ አጠገብ አልፌ፣ ማድቤት ገባሁ። እምዬ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ ወይም የጨፈነች መስሎኝ ነበር።

ካርቶኑን አጥፌ ድስቱ ሥር ሰገሰግኩት። ቶሎ አልነደደም። መጀመሪያ ቀለሙ አረፋ አወጣ፣ ከዚያ ፊቷ ተጨማደደ፣ አንድ ዓይኗ ብቻ ቀርታ ከፍሙ መሀል ታየኛለች። የቀለሙ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ሌሎቹንም ላቃጥል ነበር ሐሳቤ፤ ግን ጊዜ አላገኘሁም። ወዲያው የባጃጁ ድምፅ ተሰማ።

ሼህ እንድሪስ ከአባባም በዕድሜ የሚበልጡ፣ በከዘራ የሚሄዱ ሽማግሌ ናቸው። ገብተው ግድግዳውን ዙሪያውን አዩ። አያ ሰይድ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሁሉም ፍርዳቸውን ጠበቀ።

«ኩታ ጣል ጣል አርጉባቸው፤ አብሽሩ፣ አይዟችሁ» አሉ ሼሁ። «አሏህ የሚያየው ልብ ነው።»

ይኼው ነው! ለካ ኩታ ይበቃ ኖሯል። ወለሉ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። በዚያ ላይ ሼሁ መሀሉን ባዶ ግድግዳ በከዘራቸው እየጠቆሙ፣ «ይመር፣ ያች ነጯስ የት ሄደች? በጉብዝናችን ደሴ ድረስ በእግር የወረድነው ለሷ አልነበር?» አሉ። ሳቅ ሊጀምር የነበረው ሰው የአባባን ፊት ሲያይ ሳቁን መለሰ።

አባባ ሽታውን ተከትሎ ማድቤት ገባና የተለበለበ የካርቶን ጫፍ ይዞ ተመለሰ። የማንንም ቃል ሳይጠብቅ አያ ሰይድን አንገቱ ሥር ያዘው።

«ወላሂ እኔ አይደለሁም!»

«ዱአውን ምክንያት አርገህ ቤቴ ውስጥ እሳት ታነዳለህ? ዛሬ ወይ አንተ ወይ እኔ!»

ዱላውን አነሳ። እኔ ጥላሸት የነካ እጄን ከጀርባዬ ደብቄ ቆሜያለሁ። «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ሁለት ሽማግሌዎች በእኔ ምክንያት ሊፈነካከቱ ነው።

ያኔ ከውስጠኛው ክፍል የእምዬ ድምፅ መጣ፤ ደከም ያለ፣ ግን ሁሉም የሰማው።

«ልቀቀው፣ ይመር። ያቃጠልኳት እኔ ነኝ።»

«አንች? ተነስተሽ?»

«ተነስቼ። ቅናት የማያስነሳው በሽተኛ አለ እንዴ? ሠላሳ ዓመት ጣውንት ችያለሁ፤ በቃኝ።»

ዱላው ቀስ እያለ ወረደ። አባባ መጋረጃውን ገልጦ ገባ፤ ትንሽ ቆይቶ ሲስቅ ሰማሁት፣ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ዱአው ተደረገ፣ ሰዉም «አሚን» ብሎ ተበተነ። ማታ እምዬ አጠገቧ ጠራችኝና፣ የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ ከጣቶቼ ላይ ጥላሸቱን አሸችው።

እምዬ ዳነች፤ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። አባባ ባዶው ቦታ ላይ ሌላ ፎቶ አልሰቀለበትም። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየው እሱን ሆነ፤ «ባለቤቴ በቅናት አቃጠለቻት!» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ። ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ሠርግ ቤት ሴቶቹ «ዘሀራ፣ ባልሽን ከወረቀት ነው የምትጠብቂው?» እያሉ ይተርቧት ነበር። እሷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ትስቃለች፤ ያልሳቀችበትንም ቀን አይቻለሁ። ያች ሰው ፊት ድምፅዋ የማይሰማ ሴት፣ ለእኔ ብላ የከተማው መሳቂያ ሆነች። ለቅሶዋ ላይ እንኳ ያን ነገር አንስተው እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። እኔ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አፍ ነበረኝ፤ ዝም አልኩ።

አምና ሐይቅ ሄድኩ። አባባ አሁን ዓይኑ ደክሟል፣ ሙዚየሙ ግን አልተዘጋም። ወጣቶች መጥተው ከባዶው ግድግዳ ጋር በስልካቸው ፎቶ ሲነሱ፣ እሱም ያን ታሪክ ሲነግራቸው፣ እነሱም በእምዬ ሲስቁ አንጀቴ አረረ። ሲሄዱ ጠብቄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ትርንጎን ያቃጠልኳት እኔ ነኝ።»

ይቆጣል ብዬ ነበር የፈራሁት። አልተቆጣም። ፊቱ ግን ቀስ በቀስ ወደቀ፤ እምዬን የቀበርን ዕለት እንኳ እንዲያ አልነበረም።

«እንግዲያ ዘሀራ…» አለ፣ «ዘሀራ አልቀናችብኝም ነበር?»

ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ለእንግዳ ሲያሳይ የኖረው ባዶ ግድግዳ አልነበረም።

«ቀንታ እንጂ!» አልኩት። «መነሳት ቢያቅታት እኮ ነው እኔን የላከችኝ።»

ዓይኔን ለማየት ጠጋ አለ። «ወላሂ በይ።»

በሐሰት መማል ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያሳደጉኝ እነሱ ናቸው።

«ወላሂ» አልኩ።

«ብያለሁ!» ብሎ ጉልበቱን በመዳፉ መታ፤ ፊቱ በራ። «ያኔም እግሯ አይሸከማትም ብያለሁ። እንዴት ያለች ቀናተኛ ነበረች መሰለሽ!»

በዚያ ክፍል ከሰማኋቸው ተረቶች ብዙዎቹን ረስቻለሁ፤ ማን ከየት ገደል እንደዘለለ፣ ማን ማንን እንዳገባ ይደበላለቅብኛል። ይችን ተረት ግን አልረሳትም፤ እምዬ በሕይወት ሳለች ስሟን ሰጥታ አቆመቻት፣ አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው። አሏህ ይማረኝ፤ ነገም አባባ ቢያስምለኝ እምልለታለሁ።