በደጃችን የተደረገ ግምገማ

አምቦ፣ በምንኖርበት ሰፈር፣ የአንድ ለአምስት መሪያችን ጎረቤታችን ነበሩ። አንድ ለአምስት ማለት አምስት ቤት በአንድ ሰው ሥር እየተሰበሰበ ማን ምን እንደሠራና እንዳልሠራ የሚገመገምበት ነው። ሴትዮዋን አዴ እያልን ነው የምንጠራቸው፣ ወይዘሮ እንደማለት። በደርግ ጊዜ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ። ደርግ ሲወድቅ ጥቂት ጊዜ ቤታቸው ተቀመጡ፤ ከዚያ ስብሰባ መምራት የሚያውቅ ሰው ሲታጣ እንደገና ተጠሩ። እናቴ፣ «መንግሥት ይሄዳል፣ አዴ ግን አጀንዳቸውን ይዘው እዚሁ ናቸው» ትል ነበር።

እናቴን ወገቧን ሲያማት ስብሰባ የምሄደው እኔ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ሰው ፊት መናገርም አልችልበትም። በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ እጅ አውጡ ሲባል አወጣለሁ፣ አውርዱ ሲባል አወርዳለሁ።

በመንግሥት ላይ የተነሣው ተቃውሞ በበረታበት ጊዜ ወደ ጊንጪ የሚወስደው መንገድ በድንጋይ ተዘጋ። ድንጋዩን ካንከባለሉት አንዱ ወንድሜ ነበር። ወታደሮች ወጣቶችን መልቀም ሲጀምሩ ጓሮ፣ ኩበት የምናስቀምጥበት ክፍል ውስጥ ተደበቀ። አዴ ያውቁ ነበር። ሳህን ይዤ ወደዚያ ስሄድ በአጥሩ ቀዳዳ አይተውኛል።

አንድ ጠዋት ወታደሮች አዴን አስቀድመው መጡ። ቤት ለቤት እንዲያሳዩ ታዘው ነው። በራችን ላይ ሲደርሱ አንዱ ወታደር፣ «እዚህስ ወጣት አለ?» አላቸው።

«ወንዱ ልጅ ጉደር ከወረደ ሰነበተ» አሉት። ወዲያው ወደ እናቴ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ያለፈውን ስብሰባ ለምን ቀረሽ?»

«አዴ፣ ወገቤን...»

«ወገብሽን ሁልጊዜ ነው። ልጅሽን ትልኪያለሽ፣ እሷ እንደ ግድግዳ ዝም ብላ ተቀምጣ ትመለሳለች። ቦዩን አልጠረጋችሁም። የሽንት ቤታችሁ ክዳን እስከ ዛሬ አልተሠራም፣ ዝንቡ ሁሉ እኔ ቤት ነው የሚያድረው። ግለ ሂስ አድርጊ።»

እናቴ ወታደሮቹን አየት አድርጋ ግለ ሂሷን ጀመረች። ቦዩን ችላ ማለቷን፣ ክዳኑን መርሳቷን ተናዘዘች። አዴ አልረኩም፤ ከመጀመሪያው አስጀመሯት። ወታደሮቹ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። በመጨረሻ አንዱ፣ «እማማ፣ ይኼን ሌላ ቀን ይጨርሱት» ብሎ ወደሚቀጥለው ቤት አለፈ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ጓሮውን ያየ የለም።

ወንድሜ ግን ከኩበቱ ኋላ ሆኖ የሰማው የአዴን ድምፅ ብቻ ነው። «ወታደር ይዘው መጡብኝ» አለ። የሆነውን ብነግረው ሳቀብኝ። «በሽንት ቤት ክዳን ነው ያዳኑኝ?»

በኋላ መንግሥት ተለወጠ፣ የታሰሩት ተፈቱ። ወጣቶቹ የቀበሌውን አዳራሽ አስከፍተው ሰፈሩን ሰበሰቡ። የሚገመገሙት አሁን አዴ ናቸው። ድሮ እኛን በሚያስቆሙበት ቦታ ቆመዋል። የሚኖሩት በቀበሌ ቤት ስለሆነ፣ ጥፋተኛ ከተባሉ ለቀው ይውጡ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ያቀረበው ወንድሜ ነው። ሌላ መግቢያ እንደሌላቸው ሁላችንም እናውቃለን።

«ወታደር እየመራሽ ቤት ለቤት ዞረሻል?» አላቸው። ከዚያ በፊት አንቺ ብሏቸው አያውቅም።

«ዞሬያለሁ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ሰው ሲገመግሙ ስለኖሩ፣ ሰበብ ማቅረብ ጥፋትን እንደሚያከብድ ያውቃሉ።

«አስተያየት ያለው?» ብሎ ወደ ሰዉ ዞረ።

እጄን አወጣሁ። ወንድሜ አይቶኝ ዓይኑን ወደ ሌላ ወሰደ። አላወረድኩም። አንድ ሽማግሌ፣ «ይቺ ልጅ እኮ እጇን አውጥታለች» አሉ።

ቤት እንደምናወራው ተናገርኩ። «ወንድሜ ጓሮ እንዳለ ያውቁ ነበር። ምግብ ሳቀብለው አይተውኛል። ወታደሮቹን ግን ጉደር ነው አሏቸው።» ስለ ክዳኑ ልጨምር ነበር፣ ተውኩት። ተቀመጥኩ።

ከኋላ አንዲት ሴት፣ «እኔንም ወታደሮቹ ፊት ስለ ዶሮ ቤቴ ግለ ሂስ አስደርገውኛል» አለች። «ልጄ አልጋ ሥር ነበር።» አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ በኋላ አዴ ቤቱን ይልቀቁ ያለ አልነበረም። ከመሪነት ወረዱ፣ ያ ብቻ።

ስንወጣ አዴ አጠገቤ መጡ። ሊያመሰግኑኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

«ክዳኑ ግን አሁንም አልተሠራም» አሉኝ።

ወንድሜ ከኋላችን ሆኖ ሰምቷል። በማግሥቱ ጣውላ ይዞ መጣና የሽንት ቤቱን ክዳን ሲመታ ዋለ።