ባሳን የመጠበቅ ተራ

ባለፈው ሳምንት ሶዶ፣ መድኃኒት ቤት ደጃፍ አጠገቤ የተቀመጠች እናት፣ «የክኒኑ ዋጋስ አልጎዳኝም፤ የጎዳኝ ልጄን ስጠብቅ ገበያ ሳልወጣ መቅረቴ ነው» አለችኝ። ልጇ የሌለ ድምፅ ይሰማዋል፤ ዛሬ ስኪዞፍሬኒያ ይሉታል። ወንድሜ ባሳ ትዝ አለኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ባሳ ዶማ ካነሳ የዳሞታን ተራራ ንዶ ሜዳ የሚያደርግ ጎረምሳ ነበር። ድምፅ ይጠራው ጀመር፤ ተከትሎት ቦዲቲ ድረስ ይሄዳል። ሕመሙ እኛ ለመስቀል ከምንበላው በላይ ከብት በላብን፦ በሬው ለቃልቻ፣ ጊደሯ ለጸበል መንገድ አለቁ። በመጨረሻ ዱቦ ያለ ሐኪም ክኒን ሰጠውና፣ «እስኪረጋጋ ብቻውን አትተዉት» አለን። ክኒኑ ርካሽ ነበር፤ ውዱ «ብቻውን አትተዉት» ነው።

የበልግ ዝናብ ጥሎ ደቦ ተጀመረ። ከየቤቱ ሁለት ሰው ይወጣል፤ ሁለት ሰው ላላወጣ ቤት ደቦ አይመጣም። ከእኛ ቤት የወጣሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ አባቴ ባሳን ይጠብቃል። ማሳችን ጦሙን እንዳያድር አባቴ የቀረችንን አንዲት ላም ሸጦ ቆፋሪ ሊቀጥር ከነጋዴ ጋር ተነጋገረ።

አንድ ቀን ቆፍረን፣ ትኩስ ቦይና፣ ጎደሬ ማለት ነው፣ በሚያቃጥል የበርበሬ ዳታ እየበላን ሳለ፣ የደቦው አለቃ ጋሼ ዳና፣ «ሁለተኛው ሰዋችሁ የታለ?» አሉኝ።

አፌ መቼ አርፎ! «ባሳን እየጠበቀ ነዋ! ከቁፋሮ የባሰ ያደክማል። እንደ ቁፋሮ ቁጠሩልንና እናንተም ተራ ግቡ!»

ሳቁ ሶዶ ድረስ ተሰማ። ጋሼ ዳና ግን አልሳቁም። የጎረሱትን ውጠው፣ «ነገ የእኔ ተራ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ቀልዴን እኮ ነው።»

«እኔ አልቀለድኩም። ባሳ ያልቆፈረለት ሰው እዚህ አለ?»

ሲስቅ የነበረው ሁሉ ጣቱን እያጠፈ ተራውን ይቆጥር ጀመር።

ከማግስቱ ጀምሮ ጎረቤት በተራ ባሳ ዘንድ ይቀመጥ ጀመር፤ አባቴም ዶማውን ይዞ ወጣ። ነጋዴው ላሟን ሊነዳ ሲመጣ፣ «ወተቷን ጠጥተህ ሂድ፤ እሷ አትሸጥም» አለው።

ደቦው ወደ እኛ ማሳ በመጣ ቀን ጠባቂው ጋሼ ዳና ነበሩ፤ ዶማቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ማሳው ዳር ከባሳ ጋር ተቀምጠዋል። ባሳ ቁፋሮውን ሲያይ ቆየና ተነሳ። «ጋሼ፣ እርስዎ ይረፉ፤ ዶማውን ይስጡኝ።» ድምፁ ጨርሶ አልተወውም ነበር፤ እሱ ግን ያን ቀን በቁፋሮ ስድስት ጎረምሳ አስለቀሰ። አንዱ እኔ ነኝ።

ይህን ስነግራት መድኃኒት ቤት ደጃፍ ያለችው እናት ሳቀች። «የእኔ ጎረቤቶች ዶማ የላቸውም፤ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚ የምታይ ግን አለችኝ።»

«እሷማ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ናት!»

ክኒኑን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ተነሳች። እኛን ያዳነን ባለሙያ ብቻ ሳይሆን ተራ የገባ ጎረቤት ጭምር ነው ልላት ስል፣ ቀደመችኝ፦ «ለሐሙስ ገበያ ልጄን እንድታይልኝ እለምናታለሁ።»