ባዶ የሚያነሳው ጆቴ

ጆቴ ባጫ ናዝሬት ባቡር ጣቢያ አካባቢ ያለችውን ጠባብ ፎቶ ቤት ከቀድሞው ባለቤት ሲረከብ አንድ ትልቅ መጋረጃም አብሮ ተረከበ። አውሮፕላን፣ ዘንባባና ፏፏቴ ባንድ ላይ የተሳሉበት ነው። ደንበኛ እፊቱ ይቆማል፤ በቀኙ የፕላስቲክ አበባ፣ በግራው ሬዲዮ ይደረግለታል። ሰው አምሮ የሚወጣው እንደዚያ ነው ይባል ነበር።

ጆቴ ግን ዓለም ጤና የምትባል የገጠር ከተማ ልጅ ነው። ያደገው አንዲት ግራር ብቻዋን ቆማ ከሷ ወዲያ ሰማይ ብቻ በሚታይበት ሜዳ ላይ ነው። ፎቶ ማንሳት ከተማረም ወዲህ ልቡን የሚስበው እንዲህ ያለው ነገር ነበር፤ ሰፊ ባዶ ቦታና ጥጉ ላይ አንድ ነገር። አዘቦቱን ደንበኞቹ የሚሉትን ይሠራል፤ እሁድ ካሜራውን በጨርቅ ጠቅልሎ ይወጣል። ፀሐይ ላይ የተረሳች በርጩማ፣ አቧራ ውስጥ የቆመች አህያ አንስቶ ይመለሳል። ፊልም እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ይሄ ለሰፈሩ ሰው ግራ ነበር። "ባዶ የሚያነሳው" የሚል ስም ወጣለት።

በ1972 ዓ.ም. አንድ እሁድ ቆቃ ግድብ ወረደ። ሐይቁ ጸጥ ብሏል። ውኃውና ሰማዩ የት እንደሚለያዩ አይታይም፤ ከሩቅ አንዲት የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ብቻ ትታያለች። አነሳት። ካሜራውን ጠቅልሎ ሳይጨርስ ሁለት ጠባቂዎች ከኋላው ደረሱ። በዚያን ጊዜ ግድብ አጠገብ ካሜራ ይዞ መገኘት ቀልድ አልነበረም።

አሰሩት። ፊልሙ ታጠበ፤ ቤቱም ተፈትሾ የእሁድ ፎቶዎቹ በሙሉ መጡ። መርማሪው ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸውና የጀልባዋን አነሳ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ውኃ ነው፣ ጓድ።"

"ውኃውንማ አየሁት! ምኑን ልታሳይ ነው ያነሳኸው?"

"ውኃውን።"

"አትቀልድ። ባዶ ውኃ ላይ ፊልም የሚጨርስ ሰው የለም። ምን ደብቀህበታል?"

ጆቴ እውነቱን ቢናገርም የሚታመን አይመስልም።

ሚስቱ ዘርፉ ነርስ ነበረች። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት ከተዘጋ ወዲህ መዝሙሯን በለሆሳስ፣ ወጥ እያማሰለች የምትዘምር ዝምተኛ ሴት ናት። በየቀኑ ምሳ ታመላልስለት ነበር። አንድ ቀን መርማሪው አስጠራት።

"ባልሽ ለምንድን ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚያነሳው?"

"እኔም ስጠይቀው ነው የኖርኩት" አለች ዘርፉ።

መርማሪው ቀና ብሎ አያት።

"ስንተጫጭ ፎቶ አነሳኝ። ስቀበለው ከትልቅ ነጭ ግድግዳ ጥግ ቆሜያለሁ፤ ትንሽዬ። አለቀስኩ። 'መጋረጃው ለሰው ሁሉ ይዘረጋል፣ እኔ ምን አጎደልኩ?' አልኩት።"

"ምን አለሽ?"

"'ሌላ ነገር ካለበት ሰው እሱን ያያል። እኔ አንቺን ብቻ እንዲያዩ ነው የፈለግሁት' አለኝ።" ጠረጴዛው ላይ ወዳሉት ፎቶዎች አየችና "ጀልባዋንም እንደዚያ ወዷት ይሆናል፣ ጓድ። ሌላ አላውቅም" አለች።

መርማሪው ፎቶዎቹን ሰበሰበና "ሂጂ" አላት።

ከሳምንት በኋላ ጆቴ ተፈታ። ካሜራው ተመለሰለት፤ ከፎቶ ቤቱ ውጭ ይዞት ቢታይ ግን እንደማይማሩት ነገሩት። ከዚያ ወዲህ እሁድ የሚሄድበት ጠፋው። ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ባለው ግቢያቸው ተቀምጦ ይውላል።

አንድ ቅዳሜ አባቱን ሊጠይቅ ዓለም ጤና ሄዶ አደረ። በማግስቱ ሲመለስ ዘርፉን በርጩማ ላይ ቆማ አገኛት። የግቢውን የጭቃ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ኖራ ቀብታዋለች። ኖራው ፀጉሯን፣ ክንዷን፣ አፍንጫዋን ሳይቀር ነክቶታል።

"ዘርፉዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"ካሜራ ይዘህ እንዳትወጣ ነው ያሉህ። ግቢህ ውስጥ ግድግዳ እንዳታይ አላሉህም።"

ጆቴ ከታሰረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። ሮጦ ካሜራውን አመጣ። እንድትታጠብ እንኳ ፋታ አልሰጣትም፤ ኖራ የነካውን እጇን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እጇን ብቻ ፎቶ አነሳው።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ በዚያ ግድግዳ ፊት ይሠራ ጀመር። ደንበኞቹ ግን መጋረጃውን አልተዉም፤ እሱም አላስገደዳቸውም።

ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ ሽታዬ የምትባል ሽንኩርት ነጋዴ ልጇን ገመቹን ይዛ መጣች። ሊሄድ ነው። ጆቴ እንደ ልማዱ ሬዲዮውን ወደ ልጁ ሲያስጠጋ ሽታዬ እጁን ያዘችው።

"ተወው የኔ ወንድም። ሬዲዮ ምን ያደርግልኛል? ልጄን ብቻ አንሳልኝ።"

ጆቴ ወደ ጓሮ ይዟቸው ገባ። ገመቹን ነጩ ግድግዳ ፊት አቆመው፤ እጆቹን የሚያደርግበት ያጣ ረጅም ልጅ ነበር። "እናትህን እያት" አለው ጆቴ። ገመቹ ዞር ብሎ ሲያያት ፈገግ አለ፤ ያኔ አነሳው። ሽታዬ ፎቶውን ስትቀበል ነጠላዋ ውስጥ ሸጉጣው ወጣች። ለገበያ ጓደኞቿ ሳታሳይ አልቀረችም፤ በዚያ ዓመት ልጆቻቸውን ይዘው "እንደ ሽታዬ ልጅ አርግልን" የሚሉ እናቶች ጓሮውን ሞሉት። ከነዚያ ልጆች ያልተመለሱም ብዙ ናቸው።

ገመቹ በ1980 እግሩን ቆስሎ ተመለሰ። አንድ ቀን ቀትር ላይ በከዘራ እየተደገፈ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ጆቴ ወዲያው አወቀው።

"ጋሼ ጆቴ፣ ያንን ፎቶ አንድ ሊያጥቡልኝ ይችላሉ?"

"እናትህ ዘንድ አለ አይደል?"

"ለምኛት ነበር። የራስህን አሳጥብ፣ የኔን አልሰጥም አለችኝ።"

ጆቴ ፊልሙን ሊፈልግ ጨለማው ክፍል ገባ። ዘርፉ ወንበር ስባ ገመቹን አስቀመጠችውና ምሳ በልቶ እንደሆነ ጠየቀችው።