ያልታጨች ለመባል

የሆስፒታሉ ልብስ ሰፊ ሲደክማት መጀመሪያ የሚያማት ዓይኗ ነው። ቀኑን ሙሉ የበሽተኛ አንሶላ ስትቀመቅም ትውላለች፤ ከዚያ የተረፈውን ዓይኗን ይዛ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው መስኮት፣ ከአንዱ ማኅተም ወደ ሌላው ማኅተም ትንከራተታለች። የጋብቻ ማስረጃ ዕድሜው የቢራቢሮ ነው። የልደቱ ወረቀት ሲገኝ የፖሊሱ ጊዜው ያልፍበታል፤ የፖሊሱ ሲታደስ ደግሞ ትርጉሙ እንደገና ይሠራ ይባላል። የሆስፒታሉን ማሽኖች ሊጠግን መጥቶ የእሷንም የስፌት መኪና ካልጠገንኩ ብሎ ሙጭጭ ያለው የውጭ አገር ሰው፣ አሁን አገሩ ገብቶ ይጠብቃታል። በደወለ ቁጥር ምን ቀረሽ ይላታል።

የቀራት አንድ ፊርማ ነው። የሰውዬው አገር፣ ያላገባችና ለማንም ያልታጨች መሆኗን አባቷ መዝገብ ቤት ቀርበው ያረጋግጡ ብሏል። አባቷ ደግሞ አልፈርምም ብለዋል።

አባቷ ዕድሜያቸውን በእህል መጋዘን ሚዛን ላይ የፈጁ ሰው ናቸው። ለወዳጅም ለባለጋራም አጋድለው መዝነው ስለማያውቁ ሰፈሩ “ሚዛኑ” ይላቸዋል። ልጃቸው ትምህርቷን እንደ ጨረሰች ለጎረቤታቸው ለአናጢው ልጅ ሊድሯት ቃል ሰጥተው ነበር። እሷም ያኔ አልጠላችውም። ልጁ ሠርቼ ልምጣ ብሎ ባሕር ተሻገረ። መጀመሪያ ደብዳቤው፣ ቀጥሎ ድምፁ፣ በመጨረሻም ወሬው ጠፋ። ቃሉን ግን ያነሣው የለም። አናጢው ልጄ ይመጣል ሲሉ፣ ሚዛኑም ጎረቤቴን አላስከፋም ሲሉ፣ ልጅቷ በሁለት ሽማግሌዎች ይሉኝታ መሐል ፀጉሯ ሸበተ።

“አባዬ፣ ልጁ እኮ ረስቶኛል” ብላ ለመነቻቸው።

“እሱ ይርሳሽ። ቃል የሰጠሁት ለአባቱ ነው። ታጭታለች ባልኩበት አፍ አልታጨችም ልበል?”

የስፌት ክፍሉ ሴቶች ይህን ሲሰሙ መቀሳቸውን አስቀምጠው ሳቁ። አንዷማ ጢም ብቻ ፈልጉልኝ እንጂ አባትየውን ሆኜ ሄጄ እፈርምላታለሁ አለች። ሌላዋ ግን ድምፅ ያላት ነበረችና፣ ከመኪናዋ ቀና ሳትል ቀስ አድርጋ አንጎራጎረች፦

ባሕሩን ልሻገር ጀልባው ቀርቦልኛል፣
የአባቴ ደጃፍ ግን ባሕር ሆኖብኛል።

ሳቁ ቆመ። ልብስ ሰፊዋም ያን ቀን ከሥራ እንደ ወጣች በቀጥታ ወደ አናጢው አመራች።

አናጢው የበር ሳንቃ እየላጉ ነበር። ፍቅፋቂው እንደ ሕፃን ፀጉር ተጠቅልሎ እግራቸው ሥር ተከምሯል። “ነይ ምራቴ፣ ግቢ” አሏት፤ እስከ ዛሬ በሌላ ስም ጠርተዋት አያውቁም። ስለ አባቷ ጉልበት ጠየቋት፣ ስለ እንጨት መጥፋት አማረሩ። እሷም ጉዳዩን እንደ ምንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገረቻቸው፤ ሰውዬውን፣ ወረቀቱን፣ የአባቷን እምቢታ፣ ለነገ የተያዘላትን የመዝገብ ቤት ቀጠሮ። መላጊያው ቆመ።

“አንቺን ስለቅ እኮ እሱን መቅበሬ ነው” አሉ።

በመንገድ ላይ ስታሰናዳው የመጣችው መልስ ነበራት። ዕድሜዬስ፣ እኔስ የሰው ልጅ አይደለሁም ወይ የሚል። አፏ ላይ ሲደርስ ግን ሟሟ።

“ደክሞኛል ጋሼ” አለች ብቻ።

“እኔም ልጄ።”

ሁለቱም ሳንቃው ላይ ተቀመጡ። ውጭ መንገዱ ይጮኻል፤ ውስጡ የሙጫና የእርጥብ እንጨት ሽታ ብቻ ነው። ጥቂት ቆይታ ተነሥታ ሄደች።

በነጋታው፣ ቀጠሮዋ እንዲያው ባክኖ እንዳይቀር አባቷን ይዛ መዝገብ ቤት ሄደች። ሚዛኑ ሰውን መሸኘት አይከፋኝም፣ መፈረም ግን አልፈርምም እያሉ ነበር የተከተሏት። ተራቸው ደርሶ መስኮቱ ፊት እንደ ቆሙ አናጢው በሥራ ካፖርታቸው፣ ቅንድባቸው ላይ ዱቄት የመሰለ የእንጨት ብናኝ ሳያራግፉ፣ ሰልፈኛውን ይቅርታ እየጠየቁ መጡ።

“ወንድሜ፣ ቃልህን መልሼልሃለሁ” አሉ።

ሚዛኑ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋቸው። “ከልብህ ነው?”

“ከልቤ አይደለም። ግን መልሼልሃለሁ።”

ሚዛኑ ይህችን መልስ ለረጅም ጊዜ መዘኗት። ጸሐፊዋ የሚፈርም ይፈርም፣ የማይፈርም ዞር ይበል አለች። ያኔ ብዕሩን አንሥተው ፈረሙ። ማኅተሙ ዱብ ሲል ልብስ ሰፊዋ ደስታ ይመጣ እንደ ሆነ ጠበቀች። የመጣው እንቅልፍ ነበር፤ እዚያው ግድግዳ ተደግፋ መተኛት አማራት።

ደጅ ሲወጡ አናጢው ከአባቷ ለይተው ወደ ጥላ ወሰዷት። ፊታቸው ላይ ትናንት ያልነበረ ነገር አለ።

“ሳስበው ሳስበው” አሉ፣ “ያ ልጅ የቀረው ባዶ እጁን አንቺ ፊት መቆም አፍሮ ይሆናል። እዚያ ስትደርሺ ካገኘሽው፣ እኔ አግብቻለሁ፣ የሚጠይቅህ የለም፣ አባትህ ና ብለውሃል በይው።”

ልጁ የሄደበት አገርና እሷ የምትሄድበት አገር አንድ እንዳልሆኑ፣ በመሐላቸውም ሌላ ባሕር እንዳለ ልትነግራቸው አሰበች። ተወችው።

“እሺ ጋሼ፣ እነግረዋለሁ።”

አናጢው እንዳትስተው ብለው ምልክቱን ይነግሯት ጀመር። ቁመቱን፣ አካሄዱን፣ ሲስቅ አንድ ዓይኑን ጨፈን የሚያደርጋትን ነገር፣ እሷ አይታው የማታውቅ ይመስል። ወረቀቷን በብብቷ ይዛ፣ ፀሐዩ እየከረረባት፣ እስኪጨርሱ ድረስ ቆማ ሰማቻቸው።