ማሽኑ የእናት ስም ሲጠይቅ

ሁላችንም "ዓም"፣ አጎት፣ የምንላቸው በሲዩኒ ስልክ ሲጠግኑ መጀመሪያ የሚሞክሩት ትንፋሻቸውን ነው። ሰው "ሞተብኝ" ብሎ ስልኩን ሲዘረጋላቸው የቻርጀሩን ቀዳዳ ወደ ብርሃን አዙረው ያዩታል፤ ከዚያ እፍ ይሉበታል። አሸዋ ይወጣል፣ የዓሣ ቅርፊት ይወጣል፣ አንዳንዴም የሩዝ ፍሬ። ብዙ ጊዜ ስልኩ ከዚህ በኋላ ይነሳል። ባለቤቱ ሊመርቃቸው አፉን ሲከፍት "ሂድ፣ እጅህን ታጠብ አንተ" ብለው ያባርሩታል።

ሱቃቸው በግብጿ ረሺድ ከተማ ውስጥ፣ ዓባይ ከባሕሩ ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው፣ ጀልባ ከሚሠራበት ሜዳ ፊት ለፊት ናት። በወጣትነታቸው እሳቸውም እዚያው ሜዳ ላይ በሳንቃና በሳንቃ መካከል ያለውን ክፍተት በጥጥና በዝፍት ይደፍኑ ነበር። ከመሰላል ወድቀው ወገባቸው ሲጎዳ ቁጭ ብለው የሚሠሩት ሥራ ፈለጉ። ስልክ ወደ ከተማችን በብዛት የገባበት ወቅት ነበርና ሱቋን ከፈቱ። "ሥራዬ አልተለወጠም" ይላሉ፤ "ያኔም አሁንም ውሃ የሚገባበትን ቀዳዳ ነው የምፈልገው።"

የኛ ሰው ከባሕሩ ጋር ከተግባባ ቆይቷል። ከኢንተርኔት ጋር ግን ገና አልተግባባም። ስልኩ በየማለዳው ከዘመድ በሚላኩ የ"እንደምን አደራችሁ" ጽጌረዳዎች ይሞላና ይዘጋል። የይለፍ ቃል ቀይር ይባላል፤ ይቀይራል፤ በነጋታው የቀየረውን አያስታውስም። አንድ ቀን ራይስ ሙተወሊ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጀልባ አለቃ ስለነበሩ "ራይስ" የሚባሉት ሰው፣ አካውንታቸው ተዘግቶባቸው መጡ። ማሽኑ ሰው መሆናቸውን እንዲያረጋግጡ ጠየቃቸውና ሥዕሎች ደርድሮ፣ ጀልባ ያለባቸውን ምረጡ አለ።

"ይሄኛውን ንኩት፣" አሉ ዓም በሲዩኒ።

"የቱን? ይሄ ጀልባ ነው እንዴ? ይሄ እኮ የሀብታም መታጠቢያ ገንዳ ነው!"

"ራይስ፣ ማሽኑ ጀልባ ነው ይላል።"

"ማሽኑ ባሕር ወጥቶ ያውቃል?"

ከኋላቸው ተራ የሚጠብቅ አናጺ አንገቱን አስግጎ አየ። "ያኛውም ቢሆን አፍንጫው ጠማማ ነው። የሠራው ሰው እጁ ይሰበር!"

ክርክሩ ወደ ሜዳው ተሻገረ፤ መዶሻቸውን እንደያዙ የመጡም ነበሩ። በስምምነት አንድ ሥዕል ብቻ ተመረጠ። ማሽኑ ጥቂት አሰበና ሰው መሆናቸውን ማረጋገጥ እንዳልቻለ አሳወቀ።

"ሰማችሁ?" አሉ ራይስ። "ኡም ረሻድም ይሄንኑ ነው የምትለኝ።"

ኡም ረሻድ፣ የረሻድ እናት ማለት ነው፣ ሚስታቸው ናቸው፤ ረሻድ የበኩር ልጃቸው ነው። ሌላ ስማቸውን በወንዶች መካከል የሚያውቅ አልነበረም፤ የሚያውቅም ቢኖር እንደማያውቅ ይሆናል። እኛ ዘንድ ወንድ የእናቱንም የሚስቱንም ስም በሰው ፊት አይጠራም። ልጅ ሳለን አንዱ የሌላውን እናት ስም ካወቀ ግቢው ሙሉ እየተቀባበለ ይጮህበት ነበር፤ ልጁ ከንፈሩ ደምቶ ቤቱ ይገባል። ጎልማሳን "አንተ የእገሊት ልጅ" ብሎ መጥራት ጠብ መጫር ነው። ሴት ስትሞት እንኳ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ "የእገሌ እናት አረፉ" ይላል እንጂ ስሟን አይናገርም። ሴቶች በጓሮ በኩል በስማቸው ይጠራራሉ። ወንዶቹ ያን ጊዜ ጆሯቸው የለም።

እንግዲህ በዚህ አገር ላይ ነው ማሽኑ የመጣው። አዲስ አካውንት ሲከፈት፣ የይለፍ ቃል ቢጠፋ መግቢያ እንዲሆን፣ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ የእናትዎ ስም ማን ነው?

ጥያቄው ሲነበብ ዓሣ አጥማጁ አንገቱን ይደፋል፤ ከኋላው ጎረቤቶቹ፣ አማቹ፣ አብረውት መረብ የሚጎትቱት ተሰልፈዋል። ዓም በሲዩኒ ስልኩን ይሰጡትና ፊታቸውን ወደ ወንዙ ያዞራሉ። "ጻፈው። እኔ ጀልባ እያየሁ ነው።" ጽሕፈት የማይችለው ግን ስልኩን መልሶ ይገፋላቸዋል። "አንተው የመጣልህን ጻፍበት፣ ዓም በሲዩኒ።"

ዓም በሲዩኒ ይጽፋሉ። ምን እንደጻፉ የጠየቃቸው ሰው ኖሮ አያውቅም።

ራይስ ሙተወሊ በብርዱ ወራት አልጋቸው ላይ አረፉ። ለባሕር ሰው እንዲህ መሞት እንደ ዕድል ይቆጠራል። ራይስም ኡም ረሻድም ፊደል አልቆጠሩም፤ ስለዚህ ራይስ ከባሕር ላይ ሆነው በየማለዳው ድምፃቸውን ቀድተው ይልኩላቸው ነበር። ጎረቤታቸው ነኝና ማጉረምረሙ በግድግዳው ያልፍ ነበር፤ ቃሉ አይለይም፣ ዜማው ብቻ። ከቀብሩ በኋላም ማለዳ ማለዳ እሰማው ነበር። ኡም ረሻድ የድሮዎቹን እየመላለሱ እንደሚያዳምጡ የገባኝ ቆይቶ ነው።

አንድ ቀን ዓሣ ሲያጥቡ ስልካቸው ገንዳው ውስጥ ወደቀ። የዓም በሲዩኒ ትንፋሽም አላስነሳው። የራይስን ስልክ ረሻድ ለሥራው ፈልጎት፣ ያለበትን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ከፍቶታል። ድምፆቹ ግን አልጠፉም ነበር። የባልና የሚስቱ ስልክ የሚሠራው በራይስ አካውንት ስለነበር ድምፆቹ እዚያ ተቀምጠዋል፤ የይለፍ ቃሉን ብቻ ራይስ ይዘውት ሄደዋል። ኮድ ይላክልን ቢሉ ማሽኑ የሚልከው ወደ ራይስ አሮጌ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ላይ ሲደወል አስዋን የምትኖር ሴት አነሳች፤ ቁጥሩ የእሷ ከሆነ ቆይቷል። ነገሩን ሰምታ አዘነችና "አላህ ይርሐመው" አለች፤ ኮዱ ግን ለእሷም አልደረሳትም።

የቀረው የእናት ስም ጥያቄው ነበር። ኡም ረሻድ ሱቋ መጥተው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ይሄ ነው ያስቸገራችሁ? እኔ ሴት ነኝ፣ ምን ያሳፍረኛል። አማቴን በዚህ እጄ አጥቤ ነው የገነዝኳት። ጻፍ፣ ሐሚዳ።"

ዓም በሲዩኒ ላፕቶፓቸው ላይ ጻፉ። ማሽኑ ትክክል አይደለም አለ።

"እንዴት ነው ሐሚዳ የማትሆነው? ቆይ... ቤት ውስጥ ሐሙዳ ነበር የሚሏት። እሱን ጻፍ።"

እሱም አይደለም። አንድ ሙከራ ብቻ እንደቀረ፣ ከተሳሳቱም አካውንቱ ለሁልጊዜ እንደሚዘጋ የሚናገር ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ዓም በሲዩኒ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት።

"ሙተወሊ ሌላ እናት ነበረው እንዴ?" አሉ ኡም ረሻድ።

"ተይ፣ አማትሽ እንዳትሰማሽ!" አለ ከሰልፉ አንዱ፤ ሰው ሳቀ። ኡም ረሻድ ግን አልሳቁም።

"ፊቱስ አለኝ፤ ግድግዳዬ ላይ ነው። ድምፁ ነው እየጠፋኝ ያለው፣ ዓም በሲዩኒ። ሳስበው በረሻድ ድምፅ ነው የሚመጣብኝ። ነገ ጭራሽ ባይመጣስ?"

ዓም በሲዩኒ ላፕቶፑን ቀስ ብለው ዘጉት። "ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ቤት እመጣለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው።"

መጡም። ላፕቶፑን በዓሣ ፌስታል ጠቅልለው በብብታቸው ይዘውታል። እኔና ኡም ረሻድ በረንዳው ላይ ቡሪ የሚባለውን ዓሣ ቅርፊት እንገፍፍ ነበር። ቁጭ ይበሉ ብንላቸው ቆመው ቀሩ።

"ኡም ረሻድ፣ ማሽኑ የሚጠብቀው የራይስን እናት አይደለም።"

"የማንን ነው ታዲያ?"

"የእኔን።"

የኡም ረሻድ ቢላ ዓሣው ላይ ቆመ።

"'የመጣልህን ጻፍ' ይሉኛል" አሉ ዓም በሲዩኒ። "የሰው እናት ስም ከየት ይመጣልኛል? ፈጥሬ ብጽፍ እረሳዋለሁ። የራሴን አልረሳም ብዬ..."

"ለሙተወሊ ብቻ ነው?"

"ለማይጽፉት ሁሉ።"

"ለወደቡ ሁሉ?"

ዓም በሲዩኒ ወደ ጫማቸው አዩ። ኡም ረሻድ ቅርፊት የተለጠፈበትን እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ራይስ ከሞቱ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አልሰማኋቸውም። "አንተ ሰውዬ! ሴትዮዋ አንድ ልጅ ወልዳ ይሄን ሁሉ ዓሣ አጥማጅ አሳደገች በለኛ!"

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ገና ሳይነጋ ከወንዙ አፍ የሚወጡትን ጀልባዎች አሰብኩ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ፣ በያንዳንዱ ኪስ ውስጥ፣ የአንዲት የሞተች ሴት ስም አብሮ ባሕር ይወጣል። እነሱ አያውቁም። እሷም አታውቅ።

"ስሟን አውቀዋለሁ" አሉ ኡም ረሻድ፤ "አብረን ወንዙ ዳር ልብስ አጥበናል። ግን ከአንተ አፍ ልስማው።"

"ልጻፈውና ይብቃን።"

"ማሽኑ ውስጥ ሙተወሊ ወንድምህ አይደል? እኔስ የወንድምህ ሚስት አይደለሁ? በል ንገረኝ።"

ዓም በሲዩኒ ላፕቶፑን ከፌስታሉ አወጡ። ለዓመታት በሰው ስልክ ላይ በጣታቸው ሲነኩት ኖረዋል እንጂ፣ እናታቸው ከተቀበረች ወዲህ ስሟን በአፋቸው አውጥተውት አያውቁም፤ ይህን የነገሩን በኋላ ነው።

"ነበዊያ" አሉ።

ኡም ረሻድ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ነበዊያ። አላህ ይርሐማት፣ ሳሙና የማትሰስት ሴት ነበረች።"

ላፕቶፑን በረንዳው ወለል ላይ አስቀምጠው፣ ወገባቸውን ይዘው ተንበረከኩና ጻፉት። ማሽኑ ከፈተ። ድምፆቹ ከላይ እስከ ታች ተደርድረው ነበር። ዓም በሲዩኒ አንዱን ነኩት፤ ነፋስ ተሰማ፣ ሞተር ተሰማ፣ ከዚያ ራይስ፦

"ፊክሪያ። ፊክሪያ፣ ሰማሽ? ነፋሱ ከሰሜን ነው፣ እንዘገያለን። ቡሪው ትንሽ ነው ግን የሰባ ነው። ሩዙን አሁን እንዳትጥጂው፣ ከቀዘቀዘ አልበላም... ፊክሪያ? ይሄ ነገር እየቀዳ ነው ወይስ ቆሟል? በሲዩኒን ጠይቂልኝ።"

ኡም ረሻድ በሻሻቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ። ዓም በሲዩኒ ስሙን እንደሰሙ ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ በረንዳ ወንዙ አይታይም፤ ያለው የጎረቤት ግድግዳ ነው። እሱኑ ወንዝ ይመስል አተኩረው ተመለከቱት።

በማግስቱ ዓሣ አጥማጆቹን ሱቋ ጠሩ። አንድ ስም የሁሉንም በር እንደሚከፍት፣ ይሄም ሁሉም ጀልባ ላይ አንድ ቦታ የተተወ ቀዳዳ ማለት እንደሆነ፣ የተዉትም እሳቸው እንደሆኑ ተናገሩ። ስሙንም ተናገሩ። ያን ቀን ሜዳው ላይ መዶሻ ሁሉ ያቆመ ይመስለኛል።

"እንግዲህ ወንድማማች ከሆንን ከሱቋ ድርሻዬን!" አለ አንዱ ወጣት።

"ድርሻህ ሰልፍ መጠበቅ ነው" አሉት።

ዛህራን የሚባለው ሽማግሌ አጥማጅ ግን አልቀለደም። "የእናቴን ቦታ ለሌላ ሴት ሰጠህብኝ ማለት ነው?"

"አዎ፣ ወንድሜ። ባዶውን ከምተወው ብዬ ነው።"

ዛህራን ጠረጴዛው ላይ ተጎንብሶ በዓም በሲዩኒ ጆሮ አንድ ነገር አለ። ምን እንዳለ ማንም አልሰማም፤ ሰልፉ ላይ የነበረው ወንድ ሁሉ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ነበርና።

ሳምንት ሳይሞላ ኡም ረሻድ አዲሱን ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይዘው፣ ከመንገዱ ማዶ ሆነው ተጣሩ።

"አንተ የነበዊያ ልጅ!"

መንገዱ ቆመ። አናጺዎቹ ቀና አሉ፤ የሚያዩት ጠብ ከሆነ እንዳያመልጣቸው።

"አቤት!" አሉ ዓም በሲዩኒ።

"ስልኩ ሞላሁ ይለኛል። የረሻድን ጽጌረዳዎች አጥፋልኝ፤ የሙተወሊን ድምፅ ብትነካ ግን እጅህን እቆርጠዋለሁ!"

ዓም በሲዩኒ ስልኩን ተቀበሉ፤ ቀዳዳውን ወደ ብርሃን አዙረው አዩና እፍ አሉበት።