የውሃ አባቱ የተዉት ጠለፋ

የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት ቆቦ ነው፤ በወረዳ የመስኖ ባለሙያነት። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው አጠገብ ሮቢት ስለሆነ ጎርፍ ምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው አላስፈለገኝም። እኛ ሜዳ ላይ ያለነው በአብዛኛው የምንበላው ሌላው አገር ላይ በዘነበ ዝናብ ነው። በምዕራብ በኩል ተራራው ይጠቁራል፤ ከታች ፀሐይዋ እንደከረረች ደረቁ ወንዝ በድንገት ይሞላል። ያንን ደራሽ ውሃ ጠልፎ ማሽላው ውስጥ ያስገባ ይበላል። ያመለጠው ደግሞ ውሃው ወደ አፋር ሲወርድ ቆሞ ያያል።

ከከተማው በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ ቀበሌ ውስጥ ይህንን ጠለፋ የሚመሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሰዉ የውሃ አባት ይላቸዋል። የሾማቸው መንግሥት አይደለም። የላይኞቹም የታችኞቹም ገበሬዎች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተሰብስበው እርስዎ ይሁኑልን ብለዋቸው ነው። ሰኔ ሲገባ ሰዉን አስወጥተው መጥለፊያውን በእሾህ፣ በድንጋይና በአፈር ያስጠግናሉ። ጎርፍ ሲመጣ መጀመሪያ የማን ማሳ እንደሚጠጣ፣ ቀጥሎ የማን እንደሆነ በዱላቸው ይጠቁማሉ። ለጥገና ያልወጣ ሰው ተራው ይዘለላል። የራሳቸው ማሳ ሁልጊዜ የሚጠጣው መጨረሻ ላይ ነበር።

እኔ ከመቀጠሬ ትንሽ ቀደም ብሎ እዚያው ወንዝ ላይ የኮንክሪት መጥለፊያ ተሠርቶ ነበር። ዕቅዱ የመጣው ከላይ፣ ንድፉ የወጣውም ሩቅ ነው። መሐንዲሶቹ የለኩት ወንዙ ደረቅ በነበረበት ወቅት ነው። ሽማግሌው አሸዋው በየት በኩል እንደሚወርድ ሊያሳዩዋቸው ሞክረው ነበር። ሰዎቹ በትሕትና አዳመጧቸውና ወረቀቱ ባመለከተው ቦታ ላይ ቆፈሩ። ገና በመጀመሪያው ክረምት ውሃ ማስገቢያ የብረት በሮቹ ደለል ጎረሱ። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ላይ ሄጄ ሳያቸው እስከ ወገባቸው ተቀብረው ነበር።

ሽማግሌው የጠየቁኝ ነገር ቀላል ነው። ክንፍ ከሚባለው የኮንክሪቱ የጎን ግንብ በላይ፣ የድሮው ቦይ አፍ በነበረበት በኩል አፈሩን ቆርጠን ውሃውን በለመደው መንገድ እናስገባው፤ ሥራው አንድ ቀን አይሞላም አሉኝ። የሚቆረጠው አፈር ግን የግንባታው አካል ነበር። ግንባታው ደግሞ ርክክቡ ገና ስላልተፈጸመ በወረዳው እጅ አልገባም። ኃላፊዬን ጠየቅሁት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከእሱ በፊት የነበረው ኃላፊ ሳይጠይቅ ወስኖ ከወንበሩ እንደተነሳ ስለሚያውቅ ግን ጻፍና ወደ ዞን ላከው አለኝ። ጻፍኩ። ዞን ወደ ክልል መራው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የቴክኒክ ቡድን መጥቶ እስኪያየው ድረስ ማንም እንዳይነካው የሚል ቃል በስልክ መጣ። ቡድኑ መቼ ይመጣል ብዬ ስጠይቅ መንገዱ ሲረጋጋ ተባልኩ።

ያንን ቃል ለገበሬዎቹ የማድረሱ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። ስደርስ መቆፈሪያና አካፋቸውን ይዘው ግራር ጥላ ሥር ተሰብስበዋል። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። አንድ ጎልማሳ ተነስቶ፣ የሚደርቀው የእኛ ማሽላ ነው፣ ፈቃድ የምንለምነው ምን ሆነን ነው፣ አሁኑኑ እንቁረጠው አለ። ብዙዎቹም ከጎኑ ቆሙ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ የአለቆችህን ተወውና አንተ ንገረኝ። እንጠብቅ ትላለህ?»

በልቤ ቁረጡት እያልኩ ነበር። ግን ሥራ ከያዝኩ ዓመት አልሞላኝም፤ እናቴም ታናናሾቼም በእኔ ደሞዝ ነበር የሚኖሩት። ከመሬት ላይ ዓይኔን ሳላነሳ «ትንሽ ይታገሱ አባቴ፣ ይመጣሉ» አልኳቸው።

«አንተ ካልህ እንጠብቃለን» አሉ። ያንን ጎልማሳ ትከሻውን ይዘው ወደ ቤቱ እንዲሄድ ለመኑት። ሰዉም እሳቸውን አክብሮ ተበተነ።

ጎርፉ የመጣው ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ሲደውልልኝ የመሥሪያ ቤቱን ሞተር ብስክሌት አስነስቼ ከነፍኩ። ስደርስ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ነበር። ለም አፈር የተሸከመ ወፍራም ውሃ፣ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ የሚጸልይለት ዓይነት ነው። በሮቹን ተሻግሮ፣ የኮንክሪቱን ክንፍ እየላሰ ወደ ምሥራቅ ነጎደ። ወደ ቦዩ የገባው የከብት ዱካ የማይሞላ ነው። ሴቶችም ወንዶችም ዳር ይዘው ቆመው ያያሉ። የተሳደበ ሰው አልነበረም። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ውሃው እስኪጎድል ድረስ አንገታቸውን ቀና አላደረጉም።

በዚያ ክረምት ከዚያ ወዲያ ደህና ጎርፍ አልመጣም። ደጋሊት የሚባለው ረጅሙ ማሽላ ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀና ለከብት ታጨደ። ከብት የሌላቸው ቤተሰቦች ሰው እየላኩ ወደ ዋጃና ወደ አላማጣ የቀን ሥራ ፈለጉ።

ጥቅምት ላይ የክልሉ መልስ በደብዳቤ ደረሰ። በጉዳዩ ላይ የመወሰን ሥልጣን የወረዳው ስለሆነ በራሳችሁ በኩል ወስኑ የሚል ነበር። ኃላፊዬ አነበበና ሳቀ፤ ቀጥሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሥልጣኑ ቀድሞም የእኛ ከነበረ ሰኔ ላይ ማን ከለከለን? ካልነበረስ አሁን ከታጨደ በኋላ የሚሰጠን ለምንድን ነው? ይህንን ጮክ ብሎ የጠየቀ ሰው በመሥሪያ ቤታችን አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ደብዳቤውን ይዤ ሽማግሌው ቤት ሄድኩና አነበብኩላቸው።

«እኔ በአንተ ቃል ጠበቅሁ፣ ሰዉ ደግሞ በእኔ» አሉኝ። «አንተን የሚጠይቅህ አለቃህ ነው። እኔን የሚጠይቀኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ ምን ልብላ ብሎ።»

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። አላህ ይቅር ይበለን፣ አንተም የታዘዝከውን የምታደርስ የሰው ዕቃ ነህ አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ አላየሁም። በሚቀጥለው ዓርብ ከስግደት ሲወጡ ግን ሰዉን አቁመው የውሃ አባትነቱን ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ፣ ውሃው ባለቤት ካገኘ አባት አያሻውም አሉ። ሽማግሌ ተልኮባቸውም ሐሳባቸውን አልቀየሩም።

በቀጣዩ ክረምት አፈሩን እንድንቆርጥ ወረዳው ፈቀደ። ተቆረጠም። ውሃውን የሚያዝ ሰው ግን አልነበረም። የላይኞቹ ጠጥተው ጠጥተው ቦዩን ሲዘጉ፣ ሌሊት ሳይጠብቁ በጠራራ ፀሐይ የታችኞቹ መጥተው ከፈቱባቸው። ተደባደቡ። አንድ የልጆች አባት በአካፋ ተመትቶ ክንዱ ተሰበረ። ሽማግሌው ለዕርቁ ተጠርተው ሄዱ፤ ደም አደረቁ፣ ካሣውን ዳኙ። ወደ ውሃው ግን አልተመለሱም። ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው።

አሁን በቦታው የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር አለ። ሊቀመንበሩ ትጉህና ታማኝ ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት ቢሮዬ መጥቶ ሰኞ ቦዩን ልንጠርግ ስላሰብን የፈቃድ ደብዳቤ ይጻፍልን አለኝ። ቦይ መጥረግ የእናንተው ሥራ ነው፣ የማንም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም አልኩት። አመስግኖኝ ከወንበሩ ግን አልተነሳም።

«እሱስ ልክ ነህ» አለ። «ቢጻፍልን ግን ይሻለናል።»

ደግሜ ላስረዳው ብዬ ፊቱን ሳየው ተውኩት። ጻፍኩለት፣ ማኅተም ተመታበት። ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ቀልሎት ወጣ። መጻፌ ደግ ይሁን ክፉ እስካሁን አልለየልኝም።