የእናቴ ጋቢ

አባቴ ከዳንግላ እስከ ጥሊሊ በፈረስ ደብዳቤ ያመላልስ ነበር። በየመንደሩ «እንዲህ ያለ ቤተሰቡን ወዳድ የት ይገኛል» ይሉታል። ይበሉ፤ አብረውት አልኖሩ። የማን ልጅ ወታደር ቤት እንደገባ፣ የማን ምራት እንደወለደች ከነቀኑ ያውቃል። የእኛን የልጆቹን ዕድሜ ሲጠየቅ ግን ወደ እናቴ ይዞራል። ለጊዮርጊስ በዓል ፈረሱ አዲስ ግላስ ሲለብስ እኛ ያምናውን ቀሚሳችንን አጥበን እንለብሳለን።

አንድ ክረምት እናቴ ታማ መቆም አቃታት። ዳንግላ ሐኪም ዘንድ ትወሰድ ተባለ። ፈረሱ ደጅ ላይ ገብሱን ይቆረጥማል። አባቴ «ትናንት ከጥሊሊ ነው የመጣ፣ ደክሞታል» አለና ጎረቤቶቹን ጠርቶ በቃሬዛ አሸከማት። ሰዎቹ የጠመዱትን በሬ ፈተው ነበር የመጡት፤ እነሱ ይድከሙ አይድከሙ የጠየቃቸው የለም። ፈረሱን ግን ቤት አልተወውም፤ ብቻውን ከቀረ ይከፋዋል አለ።

እንጅባራን እንዳለፍን ዝናብ ያዘን። ከተሸካሚዎቹ አንዱ የለበሰውን የሣር ገሳ አውልቆ እናቴን ሸፈናት። ዞር ብዬ ሳይ አባቴ ፈረሱን እየሳበ ከኋላችን ይመጣል፤ በፈረሱ ጀርባ ላይ እናቴ ራሷ ፈትላ ያሠራችው ጋቢ ተደርቧል።

እግዜር ይመስገን፣ ዳነች። ቤት እንደገባች «ጋቢዬን ይስጡኝ፣ ብርዱ አልተወኝም» አለችው።

«ተይው እንግዲህ» አላት፣ «ፈረሱ ለምዶታል።»